ሴንሰሩ ምን በደለ?

ሳሪስ አካባቢ ካሉ ጋራዦች በአንዱ አንዲት ነጭ የቤት መኪና ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች። ባለቤቷ ከጎኗ ሆና ትንሽ ካርቶን ይዛለች። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ከመኪናዋ የወጣው አሮጌ የኦክስጅን ሴንሰር ነው። አዲሱን ከሶማሌ ተራ ገዝታ ሌላ ጋራዥ ካስገጠመች ሳምንት አልሞላትም። ያኔ የዳሽቦርዱ ቢጫ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ በራ።

“ጋሼ፣ የሸጡልኝ ፎርጅድ ይሆን እንዴ?”

“ቆይ እስቲ እህቴ፤ ሰው ከማማታችን በፊት መኪናዋን እንጠይቃት።”

ባለሙያው ጎንበስ ብለው ከመሪው ሥር ያለውን ሶኬት በእጃቸው ዳሰሱና የስካነሩን ገመድ ሰኩ። የወጣው ኮድ ፒ0171 ነው፤ ሲተረጎም ሲሊንደር ውስጥ በሚገባው ድብልቅ አየሩ በዝቷል፣ ነዳጁ አንሷል ማለት ነው። የመጀመሪያው ጋራዥም ያየው ይህንኑ ነበር። ድብልቁን የሚጠብቀው ኦክስጅን ሴንሰር ነውና ይቀየር አለ፤ ተቀየረ።

እኚህ ባለሙያ ግን ኮዱን ካነበቡ በኋላ ወደ መፍቻው አልሄዱም። የስካነሩን የቀጥታ መረጃ ገጽ ከፈቱና አንድ መስመር ላይ ዓይናቸውን ተከሉ፤ ኮምፒውተሩ ከመደበኛው በላይ ስንት በመቶ ነዳጅ እየጨመረ እንደሆነ የሚያሳየው መስመር ነው። መኪናዋ በሚኒሞ ስትሠራ ቁጥሩ 24 ነበር። ረዳታቸው ነዳጅ ረግጦ ሞተሩን 2,500 ዙር ላይ ሲያቆየው ቀስ እያለ ወርዶ 6 ላይ ረጋ። እግሩን ሲያነሳ ተመልሶ ወጣ።

“ሴንሰሩ ምን በደለ?” አሉ ለራሳቸው ያህል።

የካርብራተር ማጽጃ ስፕሬይ አንስተው በአየር ማስገቢያው ዙሪያ፣ መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ ረጩ። (ሞተሩ በጣም ከጋለ ይህ ነገር እሳት ያስነሳልና ግቢዎ ውስጥ አይሞክሩት።) ከኋላ በኩል፣ እጅ እንጂ ዓይን የማይደርስበት ቦታ ላይ ሲደርሱ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው 24 ቁልቁል ወረደ። ፈታተው ያወጧት አውራ ጣት የምታክል ጥቁር የጎማ ቱቦ ነበረች። ከላይ ስትታይ ደህና ናት። ሲያጥፏት ግን በሆዷ በኩል ተሰንጥቃለች፤ ስንጥቁ ጥፍር ያስገባል።

የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጅ የሚመድበው በፊልትሮው በኩል የገባውን አየር ለክቶ ነው። በስንጥቋ ሾልኮ የገባው አየር በለኪው በኩል ስላላለፈ አልተቆጠረም። ስለዚህ ሲሊንደር ውስጥ አየሩ ከነዳጁ በዛ። ጭስ መውጫው ላይ የተቀመጠው ኦክስጅን ሴንሰር ከተቃጠለው ጋዝ ውስጥ የተረፈ ኦክስጅን አገኘና አመለከተ። ኮምፒውተሩም ነዳጅ ጨመረ፤ ደግሞ ጨመረ፤ የተፈቀደለት ጣሪያ ላይ ሲደርስ ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ መብራቱን አበራ። ሴንሰሩ እውነቱን ተናግሯል፤ ለዚያውም ከሁሉ ቀድሞ። የተከፈለው ውለታ ተነቅሎ ካርቶን ውስጥ መግባት ሆነ።

በ24 እና በ6 መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ለባለሙያው ግማሹን መንገድ ነገራቸው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የሚፈልገው አየር ጥቂት ስለሆነ በስንጥቅ የሚገባው ድርሻው ትልቅ ነው። ዙር ሲጨምር በዋናው በር የሚገባው አየር ይበዛና የሌባው አየር ድርሻ ይዋጣል። የአየር ለኪው ሴንሰር በአቧራ ተሸፍኖ አሳንሶ የሚለካ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በተገላቢጦሽ ይሆን ነበር፤ ችግሩ በሚኒሞ ቀላል ሆኖ ዳገት ላይ ይብሳል። ይህን ለመለየት የፈጀው ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ድሮ ሌባሻይ የሚባል ሥርዓት ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ ከወደቀበት ቤት ያለው ሰው ሌባ ይባላል፣ የጠፋውንም ይከፍላል። ዛሬ በብዙ ጋራዥ ስካነሩ የያዘው ሥራ ከዚህ አይለይም። ኮዱ ስሙን የጠራው ሴንሰር ላይ ወድቆ ይቀራል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ባለመኪናው ነው።

ኮዱ የተሠራው ለምንድነው?

የስካነሩ ሶኬት መጀመሪያ የታሰበው ለመካኒክ ሳይሆን ለአየር ነው። የሎስ አንጀለስ ጭጋግ ያስመረረው የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ እ.ኤ.አ. ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች የጭስ መቆጣጠሪያቸውን ራሳቸው እንዲፈትሹ አስገደደ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ማንኛውም የቤት መኪናና ቀላል የጭነት መኪና አንድ ዓይነት ባለ 16 ፒን ሶኬትና አንድ ዓይነት ኮድ እንዲኖረው ተደነገገ። አውሮፓ በቤንዚን መኪኖች እ.ኤ.አ. በ2001፣ በናፍጣ የቤት መኪኖች በ2004 ተከተለ። ስለዚህ ቢጫው መብራት ሲበራ ኮምፒውተሩ በመሠረቱ የሚለው “ይህ መኪና ከሚገባው በላይ ሊያጨስ ይችላል” ነው። የትኛው ዕቃ እንደተሰበረ የመናገር ግዴታ የለበትም። አብዛኛውን ጊዜ አያውቅምም።

ሴንሰር ራሱ ምንድነው ቢባል የሙቀትን፣ የግፊትን፣ የፍጥነትን መጠን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ዕቃ ነው። የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን እንውሰድ፤ በጣም ቀላሉ እሱ ነውና። ውስጡ ያለው ሲሞቅ ኤሌክትሪክን የበለጠ የሚያሳልፍ ሲቀዘቅዝ የሚከለክል ጠጠር ነው። ኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይልክና ስንት እንደቀረ ያያል። ቮልቴጁ ከፍ ካለ ቀዝቃዛ፣ ዝቅ ካለ ሙቅ ነው ብሎ ይተረጉማል።

አሁን አይጥ ሽቦውን በላችው እንበል። መስመሩ ስለተቆረጠ ቮልቴጁ 5 ላይ ይሰቀላል፤ ኮምፒውተሩም የሞተሩ ውሃ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ነው ብሎ ያነባል። ቃሊቲ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ! ይህ እንደማይሆን ፋብሪካው አስቀድሞ ስለጻፈለት ፒ0118 ብሎ ይመዘግባል። ልብ በሉ፣ ኮዱ የሚለው “ከዚህ መስመር የመጣው ቮልቴጅ ከልክ በላይ ነው” ብቻ ነው። ሴንሰሩ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ሽቦው ተቆርጦ ወይም ሶኬቱ ዝጎ ሊሆንም ይችላል።

መለየት የሚፈልግ ባለሙያ የሚሠራው እንዲህ ነው። ባለ ሁለት ሽቦውን ሶኬት ከሴንሰሩ ላይ ይነቅልና ሁለቱን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ያገናኛቸዋል። ስካነሩ ላይ ከዜሮ በታች 40 የነበረው ወዲያው ከ130 በላይ ከዘለለ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ጤነኛ ናቸው፤ ጥፋተኛው ሴንሰሩ ነው። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ሴንሰር መግዛት ገንዘብ መበተን ነው፤ ጉዳቱ ከሽቦው ወገን ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቁራጭ ሽቦ ነው። ይህን ሳያደርጉ “ሴንሰር ነው” የሚሉ ባለሙያዎችን ሳይታዘቡ ማለፍ አይቻልም፤ ምክንያቱም ሥራው የሚጠይቀው ዕውቀት ሳይሆን ትዕግሥት ብቻ ነው።

ጨዋ ውሸት

የተቆረጠ ሽቦ ቀላል ነው፤ ውሸቱ አፍጥጦ ይታያል። አስቸጋሪው ሊሆን የሚችል ነገር እየተናገረ የሚዋሸው ሴንሰር ነው። ይኸው የውሃ ሙቀት ሴንሰር አርጅቶ፣ ሞተሩ 90 ዲግሪ ሲደርስ 60 ነው ቢልስ? 60 ዲግሪ የሚቻል ቁጥር ነው። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ያምናል፤ ለቀዝቃዛ ሞተር እንደሚያደርገውም ነዳጅ ያበዛል። ባለመኪናው የሚያየው ማደያ ላይ ነው። መብራቱ ብዙ ጊዜ ቶሎ አይበራም፤ አንዳንዴ ጨርሶ አይበራም።

እንዲህ ያለውን የሚያጋልጠው ማወዳደር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ መኪና ጠዋት ቁልፉ ሲከፈት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የውሃው ሙቀትና የሚገባው አየር ሙቀት ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ሁለቱም ያደሩት አንድ ግቢ ውስጥ ነውና። አንዱ 14 ብሎ ሌላው 38 ካለ ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል፤ የትኛው እንደሆነ ጠዋት ብርድ ላይ የቆመ ሰው ለመፍረድ አይቸገርም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ደግሞ በርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ቴስታታው ላይ ይደገንና ከስካነሩ ጋር ይስተያያል። በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው ለዚህ አይሆንም፤ ለሰው ሙቀት የተበጀ ነው። ቴርሞሜትሩም ስካነሩም 60 ካሉ ሴንሰሩን ይቅርታ ጠይቆ ወደ ቴርሞስታቱ መሄድ ነው፤ ተከፍቶ ቀርቶ ሞተሩን አላሞቅ ያለው እሱ ይሆናል።

የማወዳደሩ ነገር ከመጣ የአዲስ አበባን ከፍታ ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ብዙ ወጣት መካኒኮች ትምህርቱን የሚቀስሙት ከውጭ ቪዲዮ ነው፤ ትምህርቱም መልካም ነው። ቪዲዮው ግን የተቀረፀው ብዙ ጊዜ ለባሕር ጠለል የቀረበ ከተማ ላይ ነው። እዚያ የማፕ ሴንሰር፣ ማለትም በአየር ማስገቢያው ውስጥ ያለውን ግፊት የሚለካው፣ ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ 100 ኪሎፓስካል ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ስላልሳበ የሚለካው የውጩን አየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ስለሆነች እዚህ ትክክለኛው ቁጥር 76 ወይም 77 ነው። አዳማ ሲወርዱ ከ80 ያልፋል፤ ሰመራ ላይ 96 ገደማ ይደርሳል፤ እንጦጦ አናት ላይ ወደ 70 ይወርዳል።

እንግዲህ አንድ መኪና ሳሪስ ላይ 77 ቢያሳይና መካኒኩ “ቪዲዮው ላይ 100 ነው የሚለው” ብሎ ሴንሰሩን ቢነቅል ጤነኛውን አባረረ። ይባስ ብሎ 101 ላይ ተቸንክሮ የቀረውን ደህና ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ያ ደግሞ ነዳጁ በማፕ ሴንሰር በሚመደብለት ሞተር ላይ ከሚገባው አየር በላይ ነዳጅ እያስረጨ ጥቁር ጭስ የሚያስተፋው ነው። አንዳንዱ ስልክ ውስጥ ባሮሜትር ስላለ ከሴንሰሩ ጋር ማመሳከር ይቻላል። የአየር ሁኔታ መተግበሪያው የሚጽፈውን ቁጥር ግን አትመኑ፤ እሱ ወደ ባሕር ጠለል ተሰልቶ የተስተካከለ ስለሆነ አዲስ አበባንም ከ1,000 ሄክቶፓስካል በላይ ያደርጋታል። የስልኩ ባሮሜትር ራሱ የለካው ግን 770 አካባቢ ነው። በነገራችን ላይ ቱርቦ የሌለው መኪና እዚህ ከተማ ውስጥ ሩብ ያህል አቅሙን የሚያጣው በዚሁ የአየር መሳሳት ነው። ለእሱ ሴንሰር የሚቀየርለት አይደለም።

አንድ ብቻ ሲታመን

በዘመናዊ መኪና የፍጥነት መጨመሪያው ፔዳል ላይ ሁለት ሴንሰር ጎን ለጎን ይቀመጣል። ሁለቱ አንድ እግር ይለካሉ፤ ነገር ግን በተለያየ ቮልቴጅ ነው። በአንዳንዱ መኪና የአንዱ ንባብ ሁልጊዜ የሌላው ግማሽ ነው። ዝምድናው ሲናጋ ኮምፒውተሩ የትኛው ትክክል እንደሆነ ለመገመት አይደፍርም፤ ሁለቱንም ጥርጣሬ ውስጥ ያስገባና ጉልበቱን ይቀንሳል። ነጂው “መኪናዬ ነዳጅ እምቢ አለኝ” ብሎ ይማረራል፤ መኪናው ግን በገዛ ራሱ ከመፈትለክ መቆምን መርጧል።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለቤት መኪና ፔዳል ተደርጎ፣ በአየር ላይ ሳይደረግ የቀረበትን ጊዜ አገራችን በሐዘን ታውቀዋለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳው የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን፣ ቦይንግ 737 ማክስ 8፣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኑ አፍንጫው ከነፋሱ አንጻር ስንት ዲግሪ ቀና እንዳለ የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች ነበሩት፤ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። የአደጋ መርማሪዎች የመጀመሪያ ሪፖርት እንዳሰፈረው ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ የግራው ንባብ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ 74.5 ዲግሪ ደረሰ። የቀኙ ከ15.3 አላለፈም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ ነገር እንደተበላሸ ወዲያው ያውቃል። ኤምካስ የተባለው የቁጥጥር ሶፍትዌር ግን በጊዜው በተሠራበት ሁኔታ የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነበርና አፍንጫውን ደጋግሞ ወደታች ገፋ።

ከዚያ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ኢንዶኔዥያ ውስጥ የላየን ኤር አውሮፕላን በተመሳሳይ መንገድ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። እዚያ የሴንሰሩ ሕመም ሌላ ዓይነት ነበር። ንባቡ በድንገት አልዘለለም፤ ቀድሞ ጥገና ላይ ሲስተካከል 21 ዲግሪ ያህል ስቶ ስለነበር ከመጀመሪያው አንስቶ ተዛንፎ ነበር። ያ ዓይነቱ በመኪናም ያጋጥማል፤ አዲስ የተገጠመ ዕቃ ሁሉ ጤነኛ አይደለም። ከበረራ ታግዶ የነበረው ይህ የማክስ ዓይነት አውሮፕላን ወደ አገልግሎት የተመለሰው ሶፍትዌሩ ሁለቱን ሴንሰሮች እንዲያወዳድርና 5.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከተለያዩ ሥራ እንዳይጀምር ከተደረገ በኋላ ነው።

ወደ መሬት እንመለስ። መንገደኛን ከሁሉ በላይ የሚያንገላታው አልፎ አልፎ ብቻ የሚታመመው ሴንሰር ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ዓባይ በረሃን ወደ ደጀን የሚወጣ ሚኒባስ ዳገቱ መሐል ላይ ድንገት ይጠፋል። ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ይፈልጋል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሾፌሩ ሲሞክረው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሳል። ባሕር ዳር ደርሶ ጋራዥ ሲገባ ሁሉ ነገር ደህና ነው፤ ኮድም ላይኖር ይችላል።

ከሚጠረጠሩት አንዱ የክራንክ ዘንጉን መዞር የሚቆጥረው ሴንሰር ነው። ውስጡ ያለው ቀጭን የመዳብ ጥቅል ወይም ቺፕ ሲግል ይቋረጣል፣ ሲበርድ ይገናኛል። ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ሞተሩ መዞሩን ስለማያውቅ ነዳጅም እሳትም አይሰጥም። ማስረጃው የሚገኘው ግን ሕመሙ በተነሳበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ ርካሽ የብሉቱዝ ስካነር ሰክቶ ሞተሪኖ ማስነሳትና የዙር ቁጥሩን ማየት ነው። ሞተሪኖው እያዞረ ስክሪኑ 0 ካለ ምልክቱ እየደረሰ አይደለም። 200 አካባቢ እያሳየ ካልተነሳ ግን ሴንሰሩን ተዉትና ወደ ነዳጅ ፖምፓው ወይም ወደ ቦቢናው ሂዱ። ይህን የሚያውቅ ሾፌር ጋራዥ ሲደርስ “አንዳንዴ ይጠፋል” አይልም፤ “ሲግል ይጠፋል፣ ሲጠፋ ዙሩ ዜሮ ነው” ይላል። ያ ዓረፍተ ነገር ብዙ ብር ያተርፋል።

ሌላም አለ። የፊት ጎማ ኩሽኔታ ጮኸና ተቀየረ። በማግሥቱ የኤቢኤስ መብራት በራ፤ ኮዱ የግራ ፊት ጎማ ፍጥነት ሴንሰር ይላል። ሴንሰር ተገዛ፣ አልጠፋም። ሌላ ተገዛ፣ አልጠፋም። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ሴንሰሩ የሚያነበው ኩሽኔታው አንድ ጎን ላይ ያለውን የማግኔት ቀለበት ነው። ቀለበቱ ለዓይን ተራ የጎማ ማሸጊያ ይመስላል። ኩሽኔታው ተገልብጦ ከገባ ማግኔቱ ወደ ውጭ ዞሮ ይቀራል፤ ሴንሰሩ ፊት ለፊቱ ባዶ ብረት ነው ያለው። አንዳንዱ መካኒክ ከመግጠሙ በፊት ደቃቅ የብረት ብናኝ ያስነካዋል፤ የሚስበው ጎን ወደ ሴንሰሩ ይዞራል። ያን ያላደረገው ሁለት ጤነኛ ሴንሰር ያስገዛል፤ ኩሽኔታውንም ዳግመኛ።

መብራቱን ዝም ማሰኘት

ኮድ ማጥፋት ጥገና የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ስካነሩ ላይ አንድ ቁልፍ ይነካል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ብዙ ኮዶች መብራት የሚያበሩት ጥፋቱ በሁለት ተከታታይ ጉዞ ሲደገም ስለሆነ መብራቱ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይመለሳል፤ እስከዚያ ጋራዡ አመስጋኝ ደንበኛ አፍርቷል። ከዚያ የከፋው ማጥፋቱ ማስረጃም መደምሰሱ ነው። ኮዱ በተመዘገበባት ቅጽበት ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዙር፣ ሙቀት፣ ፍጥነትና የነዳጅ ጭማሪ አብሮ ይመዘግባል። ያ መዝገብ ለባለሙያ ከኮዱ ይበልጣል፤ ኮዱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ሰሜን ቨርጂኒያ ያሉ ወገኖቻችን፣ በተለይ ታክሲና ኡበር የሚሠሩት፣ ይህን በሌላ በኩል ያውቁታል። እዚያ መኪና በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ያልፋል፤ መርማሪውም ስካነር ይሰካል። ኮዱን ማታ አጥፍቶ ጠዋት የሄደ ሰው አያልፍም፤ ኮምፒውተሩ “ፍተሻዬን ገና አልጨረስኩም” ብሎ ያጋልጠዋል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ በተሠራ የቤንዚን መኪና ካልተጠናቀቁት ፍተሻዎች የሚታለፈው አንድ ብቻ ነው።

ጭሱን የሚያጣራውን ካታላይዘር አውጥተው የሚሸጡና ኮዱ እንዳይመጣ የኋላውን ኦክስጅን ሴንሰር በቁራጭ ቧንቧ አርቀው የሚገጥሙም አሉ። ይህ እውነቱን የሚናገር ሴንሰር አፍ ማስያዝ ነው፤ ጭሱን የሚተነፍሰው ደግሞ መንገድ ዳር ያለው ሰው ነው። ብልሃት ነው ብሎ የሚያወራውን ሰው ሰምቼ መሳቅ አልቻልኩም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ተከፍቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ኦክስጅን ሴንሰር የለውም፤ በምትኩ በባትሪው ውስጥ የእያንዳንዱን ሕዋስ ቮልቴጅ፣ የብዙ ቦታዎችን ሙቀትና የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ የሚለኩ ሴንሰሮች ሞልተውበታል። ከሙቀት ለኪዎቹ አንዱ ቢዛባ ኮምፒውተሩ ባትሪውን ለመጠበቅ ሲል ፈጣን ቻርጅ ሊከለክል ይችላል፤ ባለቤቱ ባትሪው ሞተ ብሎ ይደነግጣል። የጭስ ሕጉ ጭስ የሌለውን ስለማይመለከት አምራቾች የጋራውን ኮድ የመጠቀም ግዴታ አልነበረባቸውም፤ ለቤንዚን መኪና የተገዛው ስካነር ብዙውን አያነብም። ለቻይና ገበያ ተሠርተው የመጡት ላይ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ በቻይንኛ ነው። ብርቱካናማ ሽቦ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ቀደም ሲል ያልኩት የቁራጭ ሽቦ ብልሃት ይገድላል፤ እዚያ ያለው ብዙ ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ ነው። ለጊዜው አንድ ቀላል ነገር ልብ ይሏል፦ ብዙ ሴንሰር በአንድ ጊዜ ታመመ የሚል መልእክት ዳሽቦርዱን ከሞላው፣ ከሁሉ በፊት ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ትለካ። በነዳጅ መኪናም ቢሆን ያው ነው።

መኪናዎ መብራት አብርቶ ጋራዥ ከሄዱ ኮዱ ከመጥፋቱ በፊት ስክሪኑን፣ አብሮ የተመዘገበውን የቅጽበቱን መረጃም ጭምር፣ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። “ሴንሰር ነው” ከተባሉ ምን ተለክቶ፣ ከምን ጋር ተወዳድሮ እንደሆነ ይጠይቁ፤ በሥራው የሚተማመን ባለሙያ በጥያቄው አይከፋም። ከተቀየረም አሮጌውን ይቀበሉና ያስቀምጡት። መብራቱ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ከበራ ያ አሮጌ ሴንሰር ጤነኛ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ መልሶ ሊገጠም ይችላል።